የቦሮችን የጦርነት ፎቶ እንዴት እናንብብ? ከጠርዙ ጀምሩ

በይነመረብ ላይ ዘወትር የሚመላለስ አንድ ዓይነት ፎቶ አለ። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሰዎች። ሰፊ ባርኔጣ፣ ደረት ላይ የተሻገረ ዝናር፣ እጅ ላይ ረጅም ጠመንጃ። ከሥሩ "የቦር ተዋጊዎች፣ 1900" ይላል። አለቀ። ሰዉ ያያል፣ "ወይ ጀግና!" ይላል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

እኔ እንደዚህ ዓይነት ፎቶ ላይ ሰዓታት የማጠፋ ሰው ነኝ። ለምን እንደሆነ ቤተሰቦቼም አልገባቸውም። ግን ፎቶ ማየትና ፎቶ ማንበብ ለየቅል ናቸው፤ ማንበቡን ደግሞ ማንም ሊለምደው ይችላል። እኔ የምሄድበትን መንገድ እንደ አካሄዴ አስቀምጬላችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጦርነቱ በአጭሩ። ቦር ማለት በሆላንድኛ ገበሬ ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሰፈሩ፣ በአብዛኛው ከሆላንድ የመጡ ነጮች ዘሮች ናቸው። ትራንስቫልና ኦሬንጅ ፍሪ ስቴት የሚባሉ ሁለት ሪፐብሊኮች ነበሯቸው። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት የገቡት ኦክቶበር 11 ቀን 1899 ነው፤ በእኛ ጥቅምት መባቻ 1892፣ ከአድዋ ሦስት ዓመት ተኩል በኋላ። ያለቀው ሜይ 31 ቀን 1902 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ፎቶዎቹ ላይ የተጻፈው እሱ ስለሆነ አንደባልቀው።

1. ጽሑፉን ሸፍኑት

የምሬን ነው። ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ በእጃችሁ፣ በወረቀት፣ በፈለጋችሁት ሸፍኑት። ጽሑፉን ካነበባችሁ በኋላ ዓይናችሁ የሚያየው የተጻፈለትን ነው። "ምሽግ ውስጥ ሲዋጉ" ከተባላችሁ ውጊያ ታያላችሁ፤ ሰዎቹ ፒፓ እያጨሱ ቢሆንም እንኳ።

ከዚያ ያገኛችሁትን ትልቁን ቅጂ አውርዱ። ቴሌግራም ላይ አሥር ጊዜ የተላለፈ ፎቶ አይረባም፤ ደብዝዟል፣ ዳርና ዳሩም ተቆርጧል። በተለይ መቆረጡ ነው ክፉው፣ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ብሉምፎንቴን ከተማ ውስጥ ለዚሁ ጦርነት የተቋቋመ ሙዚየም አለ፣ ከ1931 ጀምሮ። የእንግሊዝ ሙዚየሞችም ብዙ ክምችት አላቸው። ከእነሱ የወጣ ቅጂ ካገኛችሁ ሙሉው ፍሬም የመኖር ዕድሉ ሰፊ ነው።

2. ቀኝና ግራው መገልበጡን እዩ

እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ቦር ጠመንጃ ይዞ የቆመበት ፎቶ ላይ "ይሄ ልጅ ግራኝ ነው" ብዬ ስከራከር አመሸሁ። አያያዙን አየሁ፣ ዝናሩን አየሁ፣ ሁሉም ገጠመልኝ። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና "ማቀባበያው የት ነው ያለው?" አለኝ። በግራ በኩል ነበር። የዚያን ዘመን ጠመንጃ ማቀባበያ በቀኝ ነው የሚሠራው። ግራኝ የነበረው ልጁ ሳይሆን ፎቶው ነው፤ ተገልብጦ ታትሟል።

በዚያ ዘመን ምስሉ የሚቀረጸው መስታወት ላይ ነበር። መስታወቱን ገልብጦ ማተም ደግሞ ቀላል ስሕተት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ነገር አረጋግጡ። የጠመንጃው ማቀባበያ በቀኝ ነው? የወንዶቹ ኮት የተደረበው ግራው በቀኙ ላይ ነው? ሳጥን ወይም ሠረገላ ላይ ጽሑፍ ካለ ይነበባል? አንዱ እንኳ ከተገለበጠ ምስሉን በስልካችሁ አዙሩትና ከዚያ ቀጥሉ።

3. ጠመንጃውን ለዩ

ምንሽር፣ ውጅግራ፣ አልቤን እየተባለ ሲወራ ያደገ ሰው ይሄ ክፍል ይጥመዋል። ቦሮቹ ጋ ሦስት ዓይነት ጠመንጃ ይበዛል፤ ለመለየትም ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

አንደኛው የጀርመኑ ማውዘር ነው፣ 7 ሚሊሜትር፣ በአንድ ጊዜ አምስት ጥይት የሚጎርስ። የትራንስቫል መንግሥት በብዛት የገዛው ከ1896 ጀምሮ ነው፤ የጄምሰን ወረራ የሚባለው የከሸፈ ጥቃት ካስደነገጠው በኋላ። መለያው ቀላል ነው፦ ከምላጩ ፊት ለፊት ያለው የእንጨቱ ሆድ ልሙጥ ነው፣ ወደ ታች ወጣ ያለ ነገር የለውም። ሁለተኛው የእንግሊዞቹ ሊ ሜትፎርድ ወይም ሊ ኤንፊልድ ነው። እሱ ከምላጩ ፊት የጥይት ካዝናው እንደ ሳጥን ወደ ታች ብቅ ይላል። ሦስተኛው ማርቲኒ ሄንሪ ነው፣ አሮጌው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው፤ ከምላጩ በታች ረጅም የብረት እጀታ አለው።

ታዲያ ይሄ ምን ይጠቅማል? ጊዜ ይነግራችኋል። በጦርነቱ መጀመሪያ ማውዘር በየእጁ ነው። እየቆየ የማውዘር ጥይት ሲያልቅባቸው ከእንግሊዝ የማረኩትን ጠመንጃ ይዘው መዋጋት ጀመሩ። አንድ የቦር ቡድን ፎቶ ውስጥ ብዙ የእንግሊዝ ጠመንጃ ካያችሁ "ይሄ ወደ ኋላ የተነሳ ሊሆን ይችላል" በሉ። ይችላል ነው ያልኩት፤ መጀመሪያም የተማረከ ጠመንጃ ነበርና በዚህ ብቻ አትማሉ።

4. ልብሱና ማዕረጉ

ቦሮች መደበኛ ሠራዊት አልነበሩም። ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ዜጋ ሲጠራ ይዘምታል። በርኸር ይባላል፣ ዜጋ ማለት ነው (በእንግሊዝኛ ስታነቡት የሚበላው በርገር ትዝ ይላችኋል፣ እኔንም ብዙ ጊዜ አስቆኛል)። ፈረሱን፣ ጠመንጃውንና የስምንት ቀን ስንቁን ራሱ ይዞ ይመጣል። ስንቁን ቋጥሮ መዝመት ለእኛ አገር ሰው አዲስ ታሪክ አይደለም። እንዲህ የተሰባሰበው ቡድን ኮማንዶ ይባላል፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ቃል ከዚህ የወጣ ነው።

ስለዚህ ዩኒፎርም አትፈልጉ። የምታዩት ሰውየው ከእርሻው የወጣበትን ልብስ ነው። አለቆቻቸውን ራሳቸው ስለሚመርጡ ጄኔራሉም ከተራው ሰው በልብስ ላይለይ ይችላል። ዩኒፎርም የለበሱ ካያችሁ የትራንስቫል ፖሊሶች ወይም የመንግሥት መድፈኞች መሆናቸውን ጠርጥሩ።

ልብሱም ጊዜ ይናገራል። በ1899 መጨረሻ የተነሱት ኮት፣ ከረባት፣ አንዳንዱ የሰዓት ሰንሰለት ሳይቀር አለው፤ ሰርግ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። በ1901ና በ1902 ልብሱ አልቋል፤ የተቀዳደደ፣ በቆዳ የተጣፈ፣ ወይም ከምርኮኛ የተገፈፈ የእንግሊዝ ካኪ ነው። ያ ካኪ ቀልድ አልነበረም። የእንግሊዙ አዛዥ ኪችነር የእንግሊዝ ዩኒፎርም ለብሶ የተያዘ ቦር እንዲረሸን አዝዞ ነበር። ካኪ የለበሰ ቦር ፎቶ ስታዩ ሰውየው ሌላ የሚለብሰው ያጣ፣ ልብሱም ሊያስገድለው የሚችል ሰው መሆኑን አስቡ።

5. ቀኑን ከሰው፣ ከሣርና ከመድፍ አውጡ

የታወቀ ፊት ካለ ሥራችሁ ቀለለ። ጄኔራል ፒት ዩበርት የሞቱት በማርች 1900 መጨረሻ ነው። ጄኔራል ክሮንዬ ፓርደበርግ ላይ ወደ 4,000 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር እጃቸውን የሰጡት ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1900 ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታዩአቸው በምርኮኝነት ነው፣ ቅድስት ሄሌና ደሴት ላይ። ፕሬዚዳንት ፖል ክሩገር በ1900 መኸር ላይ አገር ለቀው ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ አልተመለሱም። ሌላ ወጥመድ አለ፦ ቦታ፣ ደ ዌትና ደ ላ ሬይ ሦስቱ ጄኔራሎች አንድ ላይ ሽክ ብለው የተነሱት ፎቶ ብዙ ጊዜ "በጦርነቱ ወቅት" ይባላል። ሦስቱ በ1902፣ ሰላም ከወረደ በኋላ፣ ለሕዝባቸው ገንዘብ ሊለምኑ አውሮፓ ሄደው ነበር። ሱፍ ልብስና ፎቶ ቤት ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ሣሩን ደግሞ አስተውሉ። ደቡብ አፍሪካ ከምድር ወገብ በታች ነው። ጦርነቱ የበዛበት ደጋው ሜዳ ዝናብ የሚያገኘው ከኦክቶበር እስከ ማርች አካባቢ ነው። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እነሱ ጋ ደረቅ ብርድ ነው። ረጅም ሣርና ጭቃ ካለ በጋቸው ነው፣ የተላጨ ደረቅ ሜዳና ካፖርት ካለ ጁን ወይም ጁላይን አስቡ። የቀትር ፀሐይም በሰሜን በኩል ነው የምትሆነው፤ በጥላ አቅጣጫ ለመለካት የምትሞክሩ ሰዎች ይሄን አትርሱ። ከበስተኋላ ባሕር ዛፍ ካያችሁ ደግሞ እንጦጦ አይደለም። እነሱም ከአውስትራሊያ አስመጥተው ተክለውታል።

በጣም የምወደው ግን መድፉ ነው። ቦሮች ከፈረንሳይ የገዟቸው አራት ትልልቅ መድፎች ነበሯቸው፣ 155 ሚሊሜትር፣ እንግሊዞቹ "ሎንግ ቶም" ያሏቸው። ረጅሙ ቶም እንደማለት። ፕሪቶሪያን ለመጠበቅ ምሽግ ላይ የተተከሉ ነበሩ፤ ቦሮች ግን በበሬ እየጎተቱ ተራራ አወጧቸው። ዲሴምበር 1899 ላይ እንግሊዞች ከተከበቡበት ከሌዲስሚዝ በሌሊት ሾልከው ወጥተው አንዱን አፈሙዙ ላይ አፈነዱት። ቦሮቹ ፕሪቶሪያ ወስደው የተበላሸውን ቆርጠው ጠገኑትና ወደ ኪምበርሊ ላኩት። ስለዚህ አፈሙዙ ከሌሎቹ ያጠረ ሎንግ ቶም ካገኛችሁ ፎቶው ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። በኋላ አራቱንም በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቁ ራሳቸው ቦሮቹ አፈነዷቸው። "ሎንግ ቶም፣ 1902" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የጻፈው ሰው እንዳላጣራ ዕወቁ።

6. ማን አነሳው? ለማን?

አብዛኞቹ የቦር ወገን ፎቶዎች የተነሱት ከኦክቶበር 1899 እስከ 1900 አጋማሽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያኔ ፕሪቶሪያና ጆሃንስበርግ በቦሮች እጅ ነበሩ። የከተማ ፎቶ ቤት ባለቤቶች ካሜራቸውን ጭነው ወደ ጦር ሰፈሩ ይሄዱ ነበር። ቡድኑን አሰልፈው ያነሳሉ፣ ቅጂውን ይሸጣሉ። ፕሪቶሪያ ጁን 5 ቀን 1900 ስትያዝ ይሄ ገበያ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የቀረው የሽምቅ ውጊያ ነው፤ ፈረስ ላይ የሚያድር ሰው ባለ ሦስት እግር ካሜራና የመስታወት ሳጥን ይዞ አይዞርም። ኮዳክ የሚባሉ ትንንሽ ካሜራዎች ነበሩ፣ አንዳንዱ ተዋጊም ነበረው፣ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የጦርነቱ ረጅሙና መራራው ክፍል ፎቶ አልባ ሊባል ምንም አልቀረውም። እኛ የምናየው ያሸነፉበትን፣ የጠገቡበትን፣ የተቀመጡበትን ጊዜ ነው።

ውጊያ ራሱስ? አልተነሳም ብላችሁ ጀምሩ። እንግሊዞች በተከበቡባት በማፈኪንግ ከተማ ፊት ለፊት ምሽግ ውስጥ ያሉ ቦሮች የሚታዩበት ታዋቂ ፎቶ አለ። ጥይት እየመጣባችሁ ቢሆን ፎቶ አንሺው የት ነው የሚቆመው? ይሄን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ ግማሹ "የውጊያ ፎቶ" ይወድቃል። ይህ ማለት ግን ፎቶው ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ጉድጓዱም እውነተኛ ነው፤ ቅጽበቱ ብቻ ነው የተዘጋጀው። ንጹሕ ውሸት ያለው ፊልሙ ጋ ነው፦ የዚህ ጦርነት "ውጊያዎች" ተብለው በየአዳራሹ የታዩ አጫጭር ፊልሞች እንግሊዝ አገር ብላክበርን ከተማ አካባቢና አሜሪካ ውስጥ ኒው ጀርዚ ላይ በተዋናዮች የተሠሩ አሉባቸው። ከእነዚያ ተቆርጠው የወጡ ምስሎች ዛሬም እንደ እውነተኛ ፎቶ ሲዞሩ ታገኛላችሁ። ጭሱ ከበዛ፣ ሰው ተወርውሮ ሲወድቅ ከታየ፣ ጠርጥሩ።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል። የዚያን ጊዜ መስታወት ቀይን አያይም ማለት ይቻላል። ቀይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ወደ ነጭ ይሄዳል። የትራንስቫል ባንዲራ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አግድም ሆኖ በሰቀላው በኩል ቁልቁል አረንጓዴ አለው። ፎቶ ላይ ሰማያዊውና ነጩ ተቀላቅለው "ሌላ ባንዲራ ነው" ያሰኛሉ። በፀሐይ የቀላ ፊትም እንዲሁ ከነበረው ጠቁሮ ይወጣል። እና ሰውን በፎቶው የቆዳ ቀለም ብቻ ለመለየት አትቸኩሉ።

7. አሁን ወደ ጠርዙ ሂዱ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ለዚህ ነው የተቆረጠ ፎቶ የምጠላው።

ዓይናችሁን ከመሐል አንሱና ከግራ ጠርዝ ጀምራችሁ ዙሪያውን ተጓዙ። ፈረሶቹን የያዘው ማነው? እሳቱ ጋ ቡና የሚያፈላው? ከሠረገላው ጎማ አጠገብ የተቀመጠው? ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰው ታገኛላችሁ፤ አንዳንዴ ግማሹ ብቻ፣ አንዳንዴ ጀርባው። ቦሮቹ አኽተርራይር ይሉታል፣ "ከኋላ የሚጋልብ" ማለት ነው። በእኛ ወግ ጠመንጃ ያዥ የምንለው ዓይነት ነው። ያበስላል፣ ፈረስ ይጠብቃል፣ ተጨማሪ ጠመንጃና ጥይት ይሸከማል፣ ቁስለኛ ያወጣል፤ ጠመንጃ አንስተው የተኮሱም አሉ። ብዙዎቹ ከጌታቸው እርሻ ተገደው የመጡ ናቸው። ምሽጉን የቆፈሩትም ብዙ ጊዜ ጥቁሮች ናቸው።

አሁን ጽሑፉን ግለጡና አንብቡ። የነጮቹ ስም ተደርድሯል፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የእሱ የለም። ካለም "ቦይ" ይላል፣ በእንግሊዝኛ ልጅ ማለት ነው፣ ወይም ዛሬ የማይነገር የስድብ ቃል። ሰውየው አርባ ዓመት ሊሞላው ይችላል፣ ቦይ ነው የተባለው።

ይህን ጦርነት ለረጅም ጊዜ "የነጮች ጦርነት" ሲሉት ኖረዋል። ፎቶው ራሱ ግን ይመሰክርባቸዋል፤ ዳር ዳሩን ካያችሁ ማለቴ ነው። ለዚህ ነው ቅጂ ሲቆርጡ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ሰው የሚሆነው። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አንዳንዱ አኽተርራይር ከጌታው ጎን ጠመንጃ ይዞ፣ ዝናር ታጥቆ ይታያል። ዛሬ ይሄን ፎቶ አውጥተው "አያችሁ፣ ወደውን ነው የተዋጉልን" የሚሉ አሉ። ፎቶ መፍቀድን አያሳይም። ጠመንጃው የማን ነው፣ ለፎቶው ነው ወይስ ዘወትር ይይዘዋል፣ ሰውየው እምቢ ማለት ይችል ነበር? እነዚህን ምስሉ አይመልስም። ለእነሱ የጽሑፍ ምስክር ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በማፈኪንግ ከበባ ውስጥ የነበረው ጥቁሩ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሶል ፕላትየ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። የጥቁሮቹን ኑሮ በዚያ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ 217 ቀን የፈጀ ከበባ ነው።

ሴቶችንም ፈልጉ። የጄኔራል ዩበርት ሚስት ሄንድሪና ባላቸውን ተከትለው ጦር ሰፈር ይኖሩ ነበር። ድንኳን አጠገብ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴትዮ ካያችሁ ነርስ ናቸው ብላችሁ አትለፉ።

8. ሙታን ያሉበት ፎቶ

የዚህ ጦርነት በጣም የታወቀው ፎቶ ስፒዮንኮፕ ተራራ ላይ ምሽግ ውስጥ የተደራረቡ የእንግሊዝ ሙታን ናቸው። ከባድ ነው። ልጆች ባሉበት አትክፈቱት።

በደረጃችን እንሂድ። እንግሊዞች ተራራውን የወጡት በጃኑዋሪ 23 ለ24 ሌሊት 1900 በጉም ውስጥ ነው። ድንጋያማ ስለነበር ምሽጉ በደንብ ሊቆፈር አልቻለም። ጉሙ ሲገለጥ ምሽጉ የተቆፈረው በተሳሳተ ቦታ እንደሆነ ታወቀ። ቦሮቹ ከዙሪያው ኮረብታ ሆነው ቀኑን ሙሉ ተኮሱባቸው። ሌሊቱን እንግሊዞች ለቀው ወረዱ። በማግስቱ ጠዋት ቦሮቹ ሲወጡ ያገኙት ሬሳ ነው። ፎቶው የቦር ወገን የሆነው ለዚህ ነው፤ ተራራው ላይ የቀረው ባለ ካሜራ የእነሱ ሰው ነበር።

ምን እናያለን? የምሽጉን ጥልቀት። ከጉልበት ብዙ አይበልጥም። አንድ አንቀጽ የማይነግራችሁን ይሄ ይነግራችኋል፦ ለምን እንዳለቁ። ሁለተኛ፣ የሬሳዎቹ አኳኋን። የወደቁበት ቦታ ያሉ አሉ፤ የተሰበሰቡም ሊኖሩ ይችላሉ፣ ያ ምሽግ ኋላ መቃብራቸው ሆኗልና። ስለዚህ "እንዲህ ተደራርበው ነው የሞቱት" ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ቆም በሉ። ሦስተኛ፣ ምን የለም? የቦሮቹ ሬሳ። እነሱም ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች ሞተውባቸዋል። አላነሱትም ወይም አላሳዩትም። የራስን ሬሳ ማን ይሸጣል? የጠላትን ሬሳ ግን አውሮፓ ድረስ ወስደው አሳዩት፤ ለቦሮች የሚያዝን ሕዝብ በየአገሩ ነበረና። ፎቶው ሐቅ ነው፣ ሥራው ግን ፕሮፓጋንዳ ነበር። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

የሚገርመው፣ በዚያው ጦር ግንባር ቁስለኛ ከሚሸከሙት የናታል ሕንዶች መሐል አንድ ወጣት ጠበቃ ነበር፤ ሞሐንዳስ ጋንዲ። የእሱ ቡድን ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳው ፎቶ አለ። ያ ግን የእንግሊዝ ወገን ነው፣ ከርዕሳችን አንውጣ።

9. የካምፖቹ ፎቶ

እንግሊዞች ሽምቅ ተዋጊውን ለማዳከም ወደ 30,000 የሚጠጉ የእርሻ ቤቶች አቃጠሉ። ሴቶችና ሕፃናትን ማጎሪያ ካምፕ አስገቡ። በነጮቹ ካምፖች ወደ 28,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ ከ22,000 በላይ ልጆች ናቸው። ኩፍኝ፣ ታይፎይድ፣ ተቅማጥ። ለጥቁሮች ለብቻው ካምፕ ነበር። በዚያ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ14,000 ይበልጣል፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ በላይ ነው። አሁን "የቦር ጦርነት ካምፕ" ብላችሁ ፎቶ ፈልጉ። የጥቁሮቹን ካምፕ ስንት ጊዜ አገኛችሁ? ቁጥሩንና ፎቶውን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው ልዩነቱ የሚታየው።

ከነጮቹ ካምፕ የወጣው በጣም የታወቀው ምስል የሊዚ ፋን ዚል ነው። የሰባት ዓመት ልጅ፣ አጥንቷ ብቻ የቀረ፣ አልጋ ላይ። ብሉምፎንቴን ካምፕ ውስጥ በ1901 ሞተች። ይህ አንድ ፎቶ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ሠርቷል። ካምፖቹን ያጋለጠችው እንግሊዛዊት ኤሚሊ ሆብሃውስ ልጅቷን በዓይኗ አይታታለች፤ ለእሷ ወገን ፎቶው "ካምፑ ልጆች እየገደለ ነው" ይላል። የእንግሊዝ መንግሥት ደጋፊዎች ደግሞ ያንኑ ፎቶ አንስተው "የቦር እናት ልጇን እንዴት እንደምታስርብ እዩ" አሉ። ምስሉ አንድ ነው። የተቀየረው ከሥሩ ያለው መስመር ነው። ታዲያ እንዴት ይፈረዳል? ከፎቶው ወጥታችሁ መዝገብ ታያላችሁ። በመጀመሪያ ወራት አባቱ እጁን ያልሰጠ ቤተሰብ የሚሰፈርለት ራሽን ከሌላው ያነሰ ነበር። ኦክቶበር 1901 ላይ ደግሞ ሞቱ በዓመት ሲሰላ ከ1,000 ሰው 344 ደርሶ ነበር። ይሄን ይዛችሁ ወደ ፎቶው ስትመለሱ የእናቲቱ ክስ አያስኬድም።

የተገላቢጦሹም አለ። ካምፕ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ንጹሕ ለብሰው፣ ጸጉር ተበጥሮ፣ ድንኳን ፊት ለፊት የተነሱበት። "ደህና ነበሩ እኮ" ይሉበታል። ያን ዘመን ፎቶ መነሳት ትልቅ ነገር ነበር። ሰው ያለውን አንድ ደህና ልብስ ነው የሚለብሰው። የእኛም አያቶች ሳጥን ውስጥ የነበረውን ነጠላ አውጥተው አይደል የተነሱት? ንጹሕ ልብስ ሰውየው ፎቶ እንደሚነሳ ማወቁን ያሳያል፤ መጥገቡን አያሳይም።

10. ጽሑፉን አሁን አንብቡ

ስም፣ ቦታና ቀን ካለ እስካሁን ካገኛችሁት ጋር አገናኙት። ማን ጻፈው? መስታወቱ ላይ በነጭ የተጫረ ከሆነ ብዙ ጊዜ የፎቶ ቤቱ ነው። ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈ ከሆነ ባለቤቱ ወይም የልጅ ልጁ፤ የልጅ ልጅ ደግሞ ያጋንናል። ቦሮች ያኔ የሚጽፉት በሆላንድኛ ነው፣ የሚናገሩት ግን አፍሪካንስ። ቃላቱን ስልክ ላይ አስተርጉሙ። "ስላኽ" ውጊያ ነው፣ "ላኸር" የሠረገላ ሰፈር ነው፣ "ኮፕ" ተራራ ወይም ራስ። "ኦም" ቃል በቃል አጎት ነው፣ ግን እኛ ጋሼ እንደምንለው ለታላቅ ሁሉ ይባላል። "ኦም ፖል" የክሩገር የወንድም ልጅ የጻፈው ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

"ሦስት ትውልድ" የሚባለውን ፎቶ ልብ በሉ። የ65፣ የ43 እና የ15 ዓመት ሰዎች፣ ሦስቱም ታጥቀው። ሁሉም አያት፣ አባትና ልጅ ናቸው ብሎ ያጋራዋል። ስማቸውን አንብቡ፤ ሦስቱም የቤተሰብ ስም የተለያየ ነው።

11. የራሳችሁን ጽሑፍ ጻፉ

ስታጋሩ የድሮውን ጽሑፍ አትቅዱ። ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለዩ። እኔ ባለፈው ሳምንት ለአንድ የቡድን ፎቶ ማስታወሻዬ ላይ ያሰፈርኩት ይሄን ይመስላል፦

"አሥራ አንድ ቦሮች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው። ለፎቶ የተዘጋጁ። አሥሩ ማውዘር፣ አንዱ ሊ ሜትፎርድ የያዘ። ሣሩ ረጅም፣ ልብሱ ያላለቀ፤ ምናልባት በ1899 መጨረሻ ወይም በ1900 መጀመሪያ። በቀኝ ጠርዝ ሁለት ፈረስ የያዘ ጥቁር ሰው፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ካሜራውን የሚያይ። ስሙ አልተመዘገበም።"